የሻገተ ማሽላ በኬሚካል ይነጻል? ከቀወት የቀረበ ጥያቄ

የቀወት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለ የቆላ ቀበሌ ነው። ዘንድሮ ማሽላው ተቆርጦ አውድማ ላይ እንደተከመረ ያለወቅቱ ዝናብ ጣለበት። ወላጆቼ እንደምንም አድርቀው ወቁትና ግማሹን በጆንያ ቤት አስገቡት፤ ግማሹን እንደ አገራችን ልማድ በጉድጓድ አኖሩት። ሰሞኑን ጉድጓዱ ሲከፈት ግድግዳውን ተጠግቶ የነበረው እህል ተጋግሮ፣ አረንጓዴና ግራጫ ሻጋታ ለብሶ ተገኘ። የመሃሉ ለዓይን ደህና ነው፤ ሽታው ግን ይከብዳል።

አሁን ቤቱ የምክር ገበያ ሆኗል። አባቴ በኖራ ውኃ አጥበን እናድርቀው ይላል። ጎረቤታችን በረኪና ጠብ ቢደረግበት ሻጋታው ይጠፋል ይላል። የነቀዝ መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ታብሌቱ ሁሉንም ይገድላል ብሎናል። እኔ ደግሞ አሞኒያ የሻጋታን መርዝ እንደሚያጠፋ አንብቤአለሁ። የግብርና ባለሙያዎች ገለባን በዩሪያ ማከም አስተምረውናል፤ ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ መሆኑንም ነግረውናል። ታዲያ ማሽላውን እንደ ገለባው በዩሪያ ውኃ አርሰን፣ በላስቲክ ሸፍነን ብናቆየው መርዙ አይጠፋም? ለሰው ባይሆን እንኳ ለላሟና ለዶሮዎቹ ይሆናል? እህሉ የዓመት ቀለባችን ነው። የምታውቁ ንገሩኝ።

የአጣዬ ነጋዴ፦

ወንድሜ፣ አትጨነቅ። እንዲህ ያለ ማሽላ አረቄ አውጪዎች ይገዙታል። ዋጋው ዝቅ ይላል እንጂ አይጣልም። ካልሆነም ከጆንያው ደህና እህል ጋር ቀላቅለህ አስፈጨው፤ አገር ሁሉ የሚያደርገው ነው።

መኖ መርማሪ፦

የቀወት ልጅ፣ ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንዳነበብኩ ሌላውን ሥራ ትቼ ነው የምጽፍልህ። የምሠራው ደብረ ብርሃን አካባቢ በከብት መኖ ጥራት ምርመራ ነው፤ በእጄ የሚያልፈው በአብዛኛው የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የተፈጨ በቆሎ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አደራ የምልህ፣ እህሉ ላይ በረኪናም ዩሪያም አታፍስሱበት፤ እስኪመረመርም ድረስ ከጉድጓዱ የወጣውን ሰውም ከብትም አይቅመሰው።

በመጀመሪያ ሻጋታውና መርዙ አንድ አይደሉም። ሻጋታው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይሞታል። መርዙ ግን ሻጋታው ሠርቶ እህሉ ውስጥ ትቶት የሚሄደው ውሁድ ነው፤ ሕይወት የለውምና አይሞትም። ከእነዚህ መርዞች በቆላ እህል ላይ ይበልጥ የሚያስፈራው አፍላቶክሲን ነው፤ ስሙም የመጣው አስፐርጂለስ ፍላቨስ ከሚባለው ሻጋታ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎች ምክንያቱ ሳይታወቅ ካለቁ በኋላ ነው፤ ሲጣራ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነበር። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። በቆሎው ነጋዴ አገር አቋርጦ ያመጣው ብቻ አልነበረም፤ ገበሬዎች በየቤታቸው እርጥቡን ያከማቹት ጭምር ነው። በአንድ ጊዜ የማይገድለው መጠን ደግሞ ጉበት ላይ ቀስ ብሎ ይሠራል። የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይበዛል።

ስለዚህ ታብሌቱ መልስ አይሆንም። ታብሌቱ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን ይገድላል፤ አፍላቶክሲኑን ግን አይነካውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ሲጨመር ከነቀዙ በፊት ሕፃናቱን ሊገድል ይችላል። ሻጩ «ሁሉንም ይገድላል» ያለህ ከዚህ አንጻር ብቻ እውነት አለው።

ማብሰልም አያድንም። አፍላቶክሲን የሚፈርሰው እንደ ዓይነቱ ከ230 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ከፍታው ስለሚበዛ ውኃ የሚፈላው ገና በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ብትወርድም ከ100 አያልፍም። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል የእንጀራው ውስጥ ከሚፈላ ውኃ በላይ አይሞቅም። መቁላት የተወሰነውን ይቀንሳል፤ አያጠፋም።

አሁን ወደ አሞኒያው። ያነበብከው እውነት ነው፤ ተሠርቶበታልም። በአሜሪካ አሪዞና የጥጥ ፍሬን፣ በሴኔጋልና በፈረንሳይ የለውዝ ፋጉሎን በአሞኒያ አክመው ለከብት አብልተዋል። አሠራሩ ሁለት መንገድ አለው። በፋብሪካ በተዘጋ ጋን ውስጥ ከ80 እስከ 120 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀትና በግፊት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ያለ ሙቀት ሲሆን ደግሞ እህሉ በተለካ ውኃ ረጥቦ፣ የተለካ አሞኒያ ገብቶበት፣ አየር በማያስወጣ ሽፋን ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። በደንብ ከተሠራ ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን መርዝ ያጠፋል። «በደንብ» የሚለውን ቃል አስምርበት።

ለምን መሰለህ? አፍላቶክሲን በውስጡ ላክቶን የሚባል፣ እንደ ቀለበት የተያያዘ የአተሞች ክፍል አለው፤ የመርዝነቱ አንዱ ምንጭ እሱ ነው። አሞኒያም ሆነ ኖራ ወይም ሌላ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ቀለበት መክፈት ነው። ነገር ግን የተከፈተው ቀለበት አሲድ ሲያገኝ ተመልሶ ይዘጋል፤ መርዙም ይመለሳል። መመለሻ የሚያጣው ሁለተኛው ደረጃ ሲፈጸም፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሁዱ ተቆርጦ ሲወጣ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ወይ ከፍተኛ ሙቀት ወይ ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል። እንግዲህ የአባትህን የኖራ ውኃ በዚህ ዓይን ተመልከተው። በሜክሲኮ በቆሎን በኖራ ውኃ ቀቅለው፣ ቅርፊቱን ገፈው፣ ደጋግመው ማጠብ የኖረ ልማድ ነው፤ መርዙንም በከፊል ይቀንሳል። የእኛ ማሽላ ግን ከታጠበ በኋላ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል። የተከፈተው ቀለበት እሊጡ ውስጥ አሲድ ያገኛል፤ ከዚያ ያመለጠው ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ያገኛል። ኖራው ሽታውን ወስዶ፣ እህሉን አንጽቶ፣ መርዙን ትቶ ያስረክባችኋል። እኔን ከሻጋታው ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሻጋታው ሲታይ ሰው ይጠነቀቃል፤ ታጥቦ ሲነጣ ግን ልጅ ይመገበዋል።

ዩሪያውን በተመለከተ ሐሳብህ የሚያስብ ሰው ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስ። ለገለባ ያስተማሩህ ለ100 ኪሎ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ በጥብጦ፣ አርከፍክፎ፣ አፍኖ ለ3 ሳምንት ማቆየት ነው። ያ ለገለባ ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ገለባው እንዲላላና ናይትሮጅን እንዲያገኝ ነው፤ ትንሽ ቢጎድል ወይም ቢበዛ ላም አትሞትም። እህል ላይ ግን ዩሪያውን ወደ አሞኒያ የሚቀይረው ኤንዛይም በበቂ መጠን ስለመኖሩ ማረጋገጫ የለህም። አሞኒያው ካልበቃ ዞሮ ዞሮ ያደረግከው የሻገተ እህል ውኃ ማጠጣት ነው፤ ሻጋታው ይፋፋል። ሳይቀየር የቀረ ዩሪያ ደግሞ በጥሬው ላም ከበላችው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፍታ ትወድቃለች። ዶሮ ከነጭራሹ ዩሪያ የምትጠቀምበት ሆድ የላትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱን የምትለካበት መሣሪያ የለህም። አሪዞና ያሉት ሰዎች ጋኑን ከፍተው አሽትተው አይደለም የሚያበሉት፤ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ይለካሉ።

ይህም ሆኖ ሕክምናው ለከብት መኖ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለሰው የሚሆንን እህል በኬሚካል ከአፍላቶክሲን ማንጻትን በሕግ ከልክሏል። በኦዞን ጋዝና በሶዲየም ባይሰልፋይት የተሠሩ ሥራዎችም አሉ፤ ሁሉም መሣሪያና ልኬት የሚፈልጉ ናቸውና ለቀወት ጓሮ አይሆኑም።

በረኪናን በአጭሩ ልጨርሰው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ አፍላቶክሲን የነካውን ብርጭቆና ጠረጴዛ የምናጸዳው በበረኪና ነው፤ ያጠፋዋል። እህል ግን ጠረጴዛ አይደለም። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው፤ በረኪናው ላዩን ብቻ ነክቶ ራሱ እህሉ ላይ ይቀራል። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ የጎረቤትህና ያንተ ምክር አንድ ላይ እንዳይፈጸም።

ነጋዴው ወንድማችን ያለውንም ማለፍ አልችልም። አፍላቶክሲን ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር አይነሳም፤ ስለዚህ አረቄው ውስጥ ሳይሆን አተላው ውስጥ ይቀራል። አተላው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየግቢው ለታሰረችው የወተት ላም ነው። መቀላቀሉ ደግሞ የባሰ ነው። አሜሪካ ለምግብ የምትፈቅደው ከፍተኛ መጠን በኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው፤ በአንድ ኩንታል ሲሰላ 2 ሚሊግራም ይሆናል። በሁለት ጣት ተቆንጥሮ የሚነሳ ጨው እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። አንድ ክፉ ጆንያ ስንት ደህና ጆንያ እንደሚያበላሽ ከዚህ አስበው። ደህናውን እህል አትንኩት። ያላችሁ ቀለብ እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከኬሚካል ሁሉ የሚበልጠው የእናቶቻችን ሰፌድ ነው፤ ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም። መርዙ በእህሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የታመሙ ፍሬዎች አብዛኛውን ይሸከሙታል። የተጋገረውንና በዙሪያው ያለውን በሰፊው ቁረጡና ለይታችሁ አስወግዱ፤ መሬት ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ውሻና ዶሮ እንዳያገኘው። ውሻ በተለይ ለዚህ መርዝ ደካማ ነው። የመሃሉን ፀሐይ ላይ አስጡ፣ አበጥሩ፣ ከዚያ በእጅ ልቀሙ፤ የተሰበረውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተጨማደደውንና ነቀዝ የበሳውን አውጡ። ስትሠሩ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። የተለቀመውን ለብቻው አኑሩትና ናሙና አስመርምሩ። ሳይመረመር ግን ተለቅሟል ብላችሁ አትብሉት፤ መልቀም ይቀንሳል እንጂ ምስክር አይሆንም።

የኤፍራታ ሽማግሌ፦

የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ልጄ መኖ መርማሪ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ያላልሽው ነገር ስላለ ልጨምር።

የቀወት ልጅ ሆይ፣ ጉድጓዱን ስትከፍቱ ማንም ወዲያው ዘሎ እንዳይገባ። እህሉ ረጥቦ ሲታመቅ የጉድጓዱን አየር ይበላዋል። ለሊቱን ክፍት ተደርጎ ይተንፍስ፤ ከዚያ ኩራዝ በገመድ ታስሮ ይውረድ። መብራቱ ከጠፋ ሰውም ይጠፋል። በእኛ አገር አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣ የገባው ወንድሙም አብሮ የቀረበት ጊዜ አለ።

ስለ መጪው ዓመት ደግሞ፣ ጉድጓድ የሚቆፈረው ጎርፍ በማይወርድበት ተዳፋት ላይ ነው። ከመሙላታችሁ በፊት ውስጡ እሳት ይንደድበት፣ ይድረቅ፤ ግድግዳውና መሬቱ በደረቅ ጭድ ይለበስ። ይህም ሁሉ ተደርጎ እህሉ ራሱ እርጥብ ከሆነ ከንቱ ነው። ፍሬውን በጥርስ ሰብሮ ማወቅ የኖረ ነው፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተጨፈለቀ አልደረቀም። አሁን የልማት ባለሙያዎቹ ያሳዩን ሌላ ብልሃት አለ፤ ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ መነቅነቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው። እኔ ዛሬ ጉድጓዱን ትቼ ሦስት ድርብ ባለው ከረጢት ነው የማኖር። ነቀዝ አየር አጥቶ ያልቃል፤ መድኃኒት የሚባል አይገባም። እርጥብ እህል ግን እዚያም ቢገባ ይሻግታል።

የመንዝ አራሽ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእኛ ደጋ ነው፤ ገብሳችን ላይ ሻጋታ አናይም፤ ነገር ግን አንዳንድ ዘለላ ላይ በፍሬ ፋንታ እንደ ቀንድ ሾልኮ የወጣ ጥቁር ነገር አለ። ይህም ከዚሁ ነው?

መኖ መርማሪ፦

የመንዝ አራሽ፣ ከርዕሱ አልወጡም። እሱ ኤርጎት የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው፤ መርዙም ሌላ ነው፤ የደም ሥርን እያጠበበ ጣትና እግር እስከ ማድረቅ ይደርሳል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ዋድላ ደላንታ ከገብሱ ጋር የበቀለው ስናር ይህን ይዞ ብዙ ሰው እግሩን አጥቷል፣ ሞቷልም። ደግነቱ ይህኛው ለዓይን ይታያል፤ ከፍሬውም ይቀላል። ገብሱን ጨው በብዛት በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት ጥቁሩ ይንሳፈፋል፤ ቀፍፈው ይቅበሩት፣ የቀረውን በንጹሕ ውኃ አጥበው ያድርቁት። ስናሩን ከማሳው መንቀል ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል።

የቀወት ልጅ፦

እህቴ፣ አባባም፣ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የኖራውን ነገር ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «ሊጡ ይኮመጥጣል፤ እውነት ነው» አለ። ዛሬ እናቴና እህቶቼ ሰፌድ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የተጋገረውን ቀብረነዋል።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። ጉድጓዱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ላሟ ከዚያ እህል ተፈጭቶ ሲሰጣት ነበር። ወተቱን ታናናሾቼ ይጠጣሉ፤ እናቴም ለገበያ አይብ ታወጣለች። አፍልተን ብንጠጣውስ? ለከብት መርዝ የሚይዝ አፈር አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። እህሉን ለዘር ብናስቀረውስ?

መኖ መርማሪ፦

ከወተቱ ልጀምር። ላም የበላችው አፍላቶክሲን ጉበቷ ውስጥ ይቀየርና ከ100 እጅ ከ1 እስከ 6 የሚሆነው ወደ ወተቱ ያልፋል። ማፍላት አይነካውም። ወተቱ ሲናጥ ቅቤው ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፤ መርዙ የሚከተለው ፕሮቲኑን ስለሆነ አይቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ እናትህ አይቡን ለጊዜው ታቁም፤ ልጆቹም ከዚህች ላም ወተት ይታቀቡ። ለጥጃዋም አይሰጥ፤ ጥጃ ከእናቱ ይልቅ ለመርዙ ደካማ ነው። ደስ የሚያሰኘው ነገር ላም ቶሎ መንጻቷ ነው። መኖው ከተቋረጠ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ወተቱ ይጠራል። እኔ ግን ለልጆች ሳምንት ሙሉ ሳይሞላ አልፈቅድም።

ይህ የአንተ ቤት ብቻ ጉዳይ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተመረመሩ 110 የወተት ናሙናዎች አውሮፓውያን ከሚፈቅዱት በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9ኙ ብቻ ነበሩ፤ ምንጩም በዋናነት የኑግ ፋጉሎ ነበር። እኔ ወደዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ በየመጋዘኑ ረጥቦ የተከማቸ ፋጉሎ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የሕፃን ጡጦ ነው።

አፈሩ ያልከው ቤንቶናይት ነው። ሆድ ውስጥ አፍላቶክሲንን ይዞ ከእበት ጋር ያስወጣዋል፤ በመኖ ፋብሪካዎች ተፈትሾና ተመዝኖ ይገባል። ከወንዝ ዳር የተቆፈረ አፈር ግን እሱ አይደለም፤ ሌላ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ቤንቶናይትም ቢሆን የተበላሸ መኖ እንድንሰጥ ፈቃድ አይሆንም።

ለዘር ከማስቀረታችሁ በፊት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉና ስንቱ እንደሚበቅል እዩ። የሻገተ እህል ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ከጆንያው ደህናውን ለዘር ለዩ።

ምርመራውን እንዲህ አድርጉት። ከተለቀመው ክምር ከአንድ ቦታ ዘግነህ አትሂድ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከሥርና ከየጎኑ ጥቂት ጥቂት እየወሰድክ ደባልቅና ከ5 ኪሎ ያላነሰ ያዝ። ከጆንያው እህልም ለብቻው ሌላ ናሙና ውሰድ፤ ያው ዝናብ ነክቶታል። ላስቲክ ውስጥ ያልበዋልና በንጹሕ የጨርቅ ወይም የወረቀት ከረጢት አድርገው፤ ጉድጓድና ጆንያ ብለህ ጻፍበት። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ላቦራቶሪ አለው። ከመሄድህ በፊት ዋጋውን ጠይቅና ከጎረቤቶችህ ጋር አዋጡ፤ ያ ዝናብ የጣለው በእናንተ አውድማ ላይ ብቻ አይደለምና የእነሱንም እህል ጨምራችሁ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።